በጂቡቲ ባሕር ውስጥ ያየኋቸው ዓሦች ምን ምን ናቸው? የሚያውቅ ይርዳኝ

ዳንግላ ትራንዚት፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ጂቡቲ ወደብ ላይ ነው፣ ትራንዚተር ነኝ። እዚያ ሳለሁ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአየር ሲሊንደር ጠልቆ መዋኘት ተማርሁ፤ እስከ 18 ሜትር የሚያስወርደውን የመጀመሪያ ደረጃ የምስክር ወረቀትም ይዣለሁ። ጎጃሜ ባሕር ከየት ያውቃል ብላችሁ አትሳቁ፤ በግልገል ዓባይ የተማረ ዋና የትም አያሳፍርም።

አሁን ለበዓል አገር ቤት ነኝ። ቤተሰቡ ስልኬን እየተቀባበለ «ይኸኛውስ ምንድን ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። አስጎብኚያችን የዓሦቹን ስም የሚጠራው በፈረንሳይኛ ነበርና ከጆሮዬ አልቀረም። ሁሉም የታዩት ሙሻና ማስካሊ በሚባሉት ደሴቶች ዙሪያ፣ ኮራል (እንደ ድንጋይ የጠነከረ የባሕር ፍጥረት) በሞላበት ቦታ ነው። ፎቶዎቹ ብዥ ስላሉ በቃል ልግለጻቸው።

አንደኛው ደማቅ ቢጫ፣ ጠፍጣፋና ክብ ነው፤ ዓይኑን ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ቀለም ሸፍኖታል። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እንደ ገበታ በተዘረጋ ኮራል ሥር ቆመው ነበር። ሁለተኛው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ጎኑ ላይ ቢጫ ምልክት አለው፤ ከጭልፋ ሳይበልጥ አይቀርም። ሦስተኛዋ የጣት ርዝመት ያላት፣ ከአፏ እስከ ጅራቷ ጥቁር መስመር የተሰመረባት ናት። ትልልቆቹ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ሲቆሙላት እሷ ውስጥ ገብታ ትወጣለች። የገረመኝ ግን ሌላ ቁርጥ እሷን የምትመስል መጥታ የትልቁን ዓሣ ክንፍ ነክሳ መሸሿ ነው። አራተኛው ዋሻ ውስጥ የነበረ ዓይነ ትልቅ ነው፤ ለዓይኔ ቡናማ ግራጫ ነበር፣ ባልደረባዬ በብልጭታ ሲያነሣው ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ወጣ። አምስተኛው መንጋ ነው፤ ብርቱካናማ ትንንሽ ዓሦች፣ በመካከላቸው ጥቂት ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው። ስድስተኛው አንድ ሜትር የሚሆን፣ ወፍራም ጥርስ ያለው፣ እኛን ያሳደደን ነው። እርሱን እንኳ ስሙን ባላውቅ መልኩን አልረሳውም።

መምህር ዘማርቆስ፦

እንኳን ለበዓሉ አደረሰህ። አገላለጽህ ደህና ነው፤ ቀለም ግን በዝቶበታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ቀለም መጨረሻ ላይ የሚታይ ምስክር ነው።

ውሃ የብርሃንን ቀለማት እኩል አያሳልፍም። ቀዩ ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት እስከ አሥር ሜትሮች ይዋጣል፤ ብርቱካናማው ይከተለዋል፤ ቢጫው ትንሽ ይቆያል፤ ሰማያዊው ግን ሩቅ ይወርዳል። ስለዚህ አራተኛው ዓሣህ ቀለሙን አልለወጠም። ቀይ ነበረ፣ አንተ ዘንድ የሚደርስ ቀይ ብርሃን ግን አልነበረም። የካሜራው ብልጭታ ከቅርብ የራሱን ቀይ ይዞ ስለመጣ እውነተኛ መልኩ ወጣ። ጠልቆ የሚገባ ሰው የእጅ ባትሪ በቀንም ይያዝ የሚባለው ለዚህ ነው።

መጠኑም ያታልላል። በመነጽሩ መስታወት ጀርባ አየር ስላለ ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ይሰበራል። በዚህ የተነሣ ነገሩ ሁሉ በሢሶ ገዝፎ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። «አንድ ሜትር» ያልኸው አሳዳጅ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ፍርሃት የጨመረውን ደግሞ አንተው ቀንስ።

አሁን የምጠይቅህን መልስልኝ። የሁለተኛው ዓሣ ጅራት ምን መልክ ነበረው? የነካሿ ትንሽ ዓሣ አፍስ፣ ከፊት ጫፍ ላይ ነው ወይስ ከአፍንጫዋ ሥር ገባ ያለ? ስድስተኛው ሲዋኝ የሚቀዝፈው በጅራቱ ነው ወይስ ከላይና ከታች ባሉት ክንፎቹ? ዓሣ የሚለየው በአካሉ ቅርጽ፣ በአፉ አቀማመጥ፣ በጅራቱ አቆራረጥና በአዋዋኙ ነው። መስመር ካለውም ከራስ ወደ ጅራት ነው ወይስ ከጀርባ ወደ ሆድ የሚወርደው የሚለውን መያዝ ያስፈልጋል።

ከጅዳ ተመላሽ፦

ጅዳ ውስጥ ለጠላቂዎች ዕቃ በሚያከራይ ሱቅ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ሲሊንደር ስሞላ ኖሬ በኋላ እኔም መውረድ ጀመርሁ። ሦስቱን አሁኑኑ ልንገርህ።

አንደኛው ቢራቢሮ ዓሣ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኬቶዶን ሴሚላርቫተስ። በዓለም ላይ የሚኖረው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው። ቢጫ ቢራቢሮ ዓሣ በየውቅያኖሱ ሞልቷል፤ ዓይኑ ላይ ያ ሰማያዊ ጥላ ያለበት፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በገበታ ኮራል ሥር ቀን ሙሉ ሥራ እንደፈታ ሰው የሚቆም ግን እርሱ ነው። ሌላ አትፈልግ።

አምስተኛው አንቲያስ ይባላል። ብርቱካናማዎቹ ሴቶች፣ ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ በወንዱ ጀርባ ላይ አንዲት እሾህ ከሌሎቹ ረዝማ እንደ ክር ትውለበለባለች። ሁሉም ሕይወታቸውን በሴትነት ይጀምራሉ። የመንጋው ወንድ ሲሞት ወይም ሲበላ ከሴቶቹ አንዷ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትልቋ፣ በሳምንታት ውስጥ ወንድ ትሆናለች፤ መልኳም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ «ሁለት ዓይነት ዓሣ አየሁ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ያየው አንድ ነው።

ስድስተኛው ታይታን ትሪገርፊሽ ነው። መምህር እንደጠየቁህ፣ የሚዋኘው የኋለኛውን የጀርባ ክንፉንና ከሆዱ በታች ያለውን እያወዛወዘ ነው፤ ጅራቱን የሚጠቀምበት ሲቸኩል ብቻ ነው። ያሳደዳችሁም እንቁላል እየጠበቀ ስለነበር ነው። አሸዋ ላይ ጎድጓዳ ቆፍሮ ይጥላል፤ «የእኔ ነው» የሚለው ክልል ከጎጆው ተነሥቶ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ሰው ሲደነግጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ከክልሉ ሳይወጣ ይነከሳል። ወደ ጎን፣ ፊትህን ወደ እርሱ አድርገህ፣ ክንፍ ጫማህን በመካከላችሁ አስቀድመህ ሽሽ። ያ ጥርስ የባሕር ጃርት ሰባብሮ የሚበላበት ነው፤ የላስቲክ ጫማ አያስቸግረውም።

ሁለተኛውን ደግሞ መልአክ ዓሣ ነው እላለሁ፤ ፖማካንተስ ማኩሎሰስ። ጅዳ ላይ በየቀኑ የማየው ነበር።

ሰላም ጊዮን፦

ባሕር ዳር የዓሣ ሀብት ትምህርት የምማር ነኝ። በመጀመሪያ ሦስተኛውን ልመልስ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያስደስተኝ እርሱ ነው።

ያየኻቸው ሁለት ዓሦች ዘመድ እንኳ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ላብሮይድስ ዲሚዲያተስ ትባላለች፤ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ኮራል ላይ የተወሰነ ቦታ አላት፤ ትልልቆቹ ዓሦች ወደዚያ እየመጡ ተራ ይጠብቃሉ። ከቆዳቸው፣ ከስንጥባቸውና ከአፋቸው ጥገኛ ተውሳክና የሞተ ቆዳ እየለቀመች ትመገባለች፤ እነርሱም አይበሏትም። ሁለተኛዋ አስፒዶንተስ ቴኒያተስ ናት። መልኳንም፣ አዋዋኟንም አስመስላ ትመጣለች፤ ትልቁ ዓሣ ተማምኖ ሲቆም ከክንፉ ቦጭቃ ትሸሻለች። መለያው መምህር የጠየቁት ነው፦ የእውነተኛዋ አፍ ከፊት ጫፍ ላይ ነው፤ የአስመሳይዋ አፍ ግን ከአፍንጫዋ ሥር ገባ ያለ ነው። በቀለም ብቻ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ለዘላለም አይለያቸውም።

አራተኛው ከወታደር ዓሦች ወይም ከዘመዶቻቸው ከሽኮኮ ዓሦች አንዱ ነው። ሁለቱም ቀን ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ሌሊት የሚወጡ ናቸው፤ ዓይናቸው የተለቀው ለዚህ ነው። የባልደረባህን ፎቶ አጉላና ከዓይኑ በታች፣ ጉንጩ ላይ ወደ ኋላ የወጣ ጠንካራ እሾህ እንዳለ እይ። ካለ ሽኮኮ ዓሣ ነው፤ ከሌለ ወታደር።

በሁለተኛው ላይ ግን ከከጅዳ ተመላሽ ጋር አልስማማም። ፖማካንተስ አስፉር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ጎናቸው ላይ ቢጫ አላቸው፣ ሁለቱም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይኖራሉ። ለቢጫው ቢራቢሮ ዓሣ ቦታው ብቻ ይበቃ ነበር፤ እዚህ ግን ቦታ አይፈርድም።

ከጅዳ ተመላሽ፦

እህቴ፣ አስፉር ዓይን አፋር ነው፤ ከኮራል ጉድጓድ ደጅ ብዙ አይርቅም። ማኩሎሰስ ግን ደፋር ነው፣ ወደ ጠላቂው ይቀርባል። ትራንዚተሩ ይህን ያህል በደንብ ያየው ስለቀረበው ነው።

ሰላም ጊዮን፦

ቀረበ አላለም። ጅራቱን ይንገረን።

ሙሉ ጎጃም፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔን አንድ ነገር ገረመኝ። ጣና ከበራችን ሥር ተኝቶ የጂቡቲን ዓሣ ስም ለማወቅ ይህ ሁሉ ክርክር! የባሕር ዳር ልጅ ሆኖ በሐይቁ ውስጥ ያሉትን ዓሦች ሦስቱን ለይቶ የሚጠራ ስንት ሰው አለ? ዓሣ ቤት ገብተን «ጉላሽ አምጣ» እንላለን እንጂ የየትኛው ዓሣ ጉላሽ እንደሆነ እንኳ አንጠይቅም። ጠልቀህ ለመዋኘት ከተማርህ ወንድም ዓለም፣ ለምን ጣና ውስጥ አትወርድም?

የጣና መረብ፦

ሙሉ ጎጃም ያለው እውነት አለው። እኔ ከአባቴ ጋር በደንገል ታንኳ የጀመርሁ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ ዛሬ በሞተር ጀልባ ነው። የልጄ ልጅ ናት እያነበበችልኝ የምትጽፍልኝ።

እናንተ በቀለም ስትጣሉ እኔ ሳቅሁ። የጣና ነጭ ዓሣ ሁሉም ብር መልክ ነው። ቀለም ብትል የምትይዘው የለህም። እኛ የምናየው አፉንና ራሱን ነው። አፉ ሰፍቶ ወደ ላይ ቀና ያለው ሌላ ዓሣ የሚበላ ነው። ከንፈሩ ወፍሮ ሥጋ የሆነው ከድንጋይ መካከል ትል የሚለቅም ነው። አፉ ወደ ታች ያየው ከሥር የሚግጥ ነው። አንገቱ ላይ ጎበጥ ያለ አለ፣ ቀጥ ብሎ የረዘመ አለ። ሰውን በጋቢው አትለየውም፤ ጋቢ ይዋዋሱታል። አምባዛ ለብቻው ነው፣ በጺሙና ቅርፊት በሌለው ቆዳው ሕፃንም ያውቀዋል። ቆሮሶም በጀርባ እሾሁ ይታወቃል። ችግሩ ነጩ ላይ ነው።

ሰላም ጊዮን፦

አያ፣ እርስዎ በሁለት መስመር የተናገሩት እኛ ዘንድ የብዙ ዓመት ክርክር ነው። እርስዎ ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን ላቤዮባርበስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ ጥናት የጣናዎቹን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ ዝርያ አድርጓቸው ነበር፤ ልዩነታቸውን የግለሰብ መልክ አድርጎ ቆጠረው። በ1990ዎቹ ግን የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከባሕር ዳር ሆነው አፋቸውን፣ የራሳቸውን ቅርጽ፣ የሚበሉትንና የሚራቡበትን ቦታ ለክተው 15 ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ ደግሞ እንግዳ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

ለምን እዚህ ብቻ ተገኙ ለሚል፣ ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ። ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረውን ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ከፏፏቴው በላይ የቀሩት ተለይተው፣ ሐይቁን በምግብ ዓይነት ተከፋፍለው ኖሩ። የኮራል ዓሦችም ያን ሁሉ ቀለምና ቅርጽ ያመጡት ጠባብ ቦታን በመከፋፈል ነው ብለው የሚያስተምሩን አሉ።

መምህር ዘማርቆስ፦

ለሙሉ ጎጃም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጣናንና ቀይ ባሕርን ያጋጠማቸው ትራንዚተሩ የመጀመሪያው አይደለም። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነበር። መጀመሪያ በቀይ ባሕር ዳርቻ እየዞረ የኮራል ዓሦችን ሰበሰበ፤ ቀጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ወጣና እ.ኤ.አ. በ1832 ጎንደር ገባ። ሁለት ነጭ መቀነት ያላትን የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣ፣ ግንባሩ ያበጠውን ግዙፉን ናፖሊዮን ዓሣ፣ ከጣናም በርካታ ነጭ ዓሦችን፣ ቤሶን ጭምር፣ ለሳይንስ የገለጸው ይኸው ሰው ነው። የሲሊንደር መጥለቂያ ባልነበረበት ዘመን ያየውን ሁሉ ያየው በመረብ ወጥቶ፣ ሞቶ፣ ቀለሙ ከረገፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የክንፍ እሾህ ይቆጥር ነበር፣ ቅርፊት ይቆጥር ነበር፣ መንጋጋ ይለካ ነበር። ዛሬም አንድ ዓሣ ሲያከራክር መጨረሻ ላይ የምንመለሰው ወደዚያው ነው።

ቀለምን ያመኑት ደግሞ ብዙ ተሳስተዋል። በቀቀን ዓሣ የሚባለውን ውሰዱ፤ ሴቷ ቡናማ ወይም ቀላ ያለች፣ ትልቁ ወንድ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ለአንዱ ዝርያ ሁለትና ሦስት ስም ተሰጥቶ በኋላ ላይ ብዙው ተሰርዟል። የንጉሠ ነገሥት መልአክ ዓሣ ግልገሉ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ቀለበቶች አሉት፤ ሲያድግ ቢጫና ሰማያዊ መስመር ይሆናል። ጫጩቱን ከእናቱ ጎን ብታቆመው ማንም አያዛምዳቸውም።

ዳንግላ ትራንዚት፦

በአንድ ቀን ይህን ያህል እማራለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባልደረባዬ ከጂቡቲ ቪዲዮውን ላከልኝ። ሁለተኛው ዓሣ ከኮራሉ ጉድጓድ ወጣ ብሎ ዞር ሲል ጅራቱ በሙሉ ይታያል፤ ደማቅ ቢጫ ነው። ራሱ ጥቁር ማለት ይቻላል። ጎኑ ላይ ያለው ቢጫም ሰፊ መቀነት ሆኖ እስከ ጀርባው ይወጣል። ካሜራው ሲጠጋው ተመልሶ ገባ።

ባለ ትልቅ ዓይኑ ጉንጩ ላይ እሾህ አለው። ነካሿን ግን ቪዲዮው አላገኛትም።

ሰላም ጊዮን፦

አስፉር ነው። የማኩሎሰስ ጅራት የገረጣ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለውም ቢጫ ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ፣ የፈሰሰ ቀለም የመሰለ ነው። አራተኛውም ሽኮኮ ዓሣ ሆነ። ጉንጩ ላይ ያለው እሾህ በአንዳንዶቹ ላይ መርዝ ስላለው በእጅ አይነካም።

ከጅዳ ተመላሽ፦

ዓይን አፋር ነው አላልሁም? ጠባዩን የነገርኋችሁ እኔ ነኝ።

ነርሷ ከፍኖተ ሰላም፦

ዓሦቹን ተዉና አንድ ነገር ልጠይቅ። ትራንዚተሩ በመጨረሻ ከጠለቀበት ሰዓት እስከ ጉዞው ድረስ ምን ያህል ቆየ?

ይህን የምጠይቀው ወድጄ አይደለም። ጠልቆ የዋኘ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ተሟሙቶ ይቀራል። ቀስ ብሎ በትንፋሽ ይወጣል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። ሰውየው ሳይወጣለት የአየር ግፊት ወደሚያንስበት ከፍታ ከሄደ ናይትሮጅኑ በደሙና በመገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ሰው የሚዘነጋው አውቶቡስንና ባቡርን ነው። ጂቡቲ በባሕር ጠለል ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ በወልድያ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ደግሞ ጋሸና ላይ ወደ 3,000 ሜትር ይወጣል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እንኳ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ነው የሚደረገው። ስለዚህ ለጎጃም ሰው ወደ ቤት መመለስ ራሱ በረራ ነው። ሙሉ ቀን ጠብቀህ ተነሣ። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ከተሰማህ «የመንገድ ድካም ነው» ብለህ አትተኛ፤ ጠልቀህ እንደነበር ለሐኪሙ በመጀመሪያ ንገረው። ካልነገርኸው ማንም አይጠረጥርም።

ሌላው፣ እሾሃቸው መርዝ ያላቸው ዓሦች በዚያ ባሕር አሉ፦ አንበሳ ዓሣ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከድንጋይ የማይለየው ድንጋይ ዓሣ። ከወጋህ የተወጋውን ቦታ ቆዳ ሳይልጥ የሚቻለውን ያህል በሞቀ ውሃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ንከረው፤ ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል። ከዚያ ሆስፒታል።

ለሙሉ ጎጃም፣ ጣና ውስጥ ጠልቀህ ግባ ላልኸው፦ ሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ አያስፈራም። ነገር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ለባሕር የተሠራው የመጥለቂያ ሰሌዳ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው ሠንጠረዥ) እንዳለ አይሠራበትም። ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬ አለበት። ክረምት ላይ ወንዞቹ ደለል ሲያስገቡ ደግሞ ውሃው ድፍርስ ነው፤ ምን ልታይ ትገባለህ?

ዳንግላ ትራንዚት፦

እህቴ፣ ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ። ጠልቄ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ቀን ወደብ ላይ ሥራ ይዞኝ ነበር፤ ለጤናዬ ብዬ ሳይሆን ዕቃ አልለቀቅ ብሎ ነው። ከእንግዲህ አውቄ እቆያለሁ።

መምህር፣ በሚቀጥለው ስወርድ ምን ልመዝግብ?

መምህር ዘማርቆስ፦

በውሃ ውስጥ የሚጻፍበት የላስቲክ ሰሌዳ አለ፤ ያን ያዝ። ከመውረድህ በፊት የዓሣ ገጽታ ባዶ ንድፍ ሣልበት። ዓሣ ስታይ ስም አትፈልግ፤ ጅራቱን፣ የጀርባ ክንፉን፣ አፉንና የመስመሮቹን አቅጣጫ ንድፉ ላይ ጨምር። ጥልቀቱንና ብቻውን ወይም በመንጋ መሆኑን በጥግ ጻፍ። ቀለሙን መጨረሻ ላይ። ፎቶ የምታነሣ ከሆነ ከጎን አንሣው፤ ከላይ የተነሣ ዓሣ የማንም ዓሣ ነው። ስትወጣ ፊሽቤዝ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ አገሩን መርጠህ ከቤተሰቡ ጀምረህ ፈልግ፤ ወይም ፎቶውን ከቦታው ጋር አይናቹራሊስት ላይ ጫነው፣ የሚያውቁ ሰዎች ያርሙታል።

ከጅዳ ተመላሽ፦

ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ የምትመለሰው፣ ከሙሻ ይልቅ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በአርታ በኩል ሂድ። በዚያ ወራት ዓሣ ነባሪ የሚያካክሉ ሻርኮች ይመጣሉ፤ በዓለም ትልቁ ዓሣ የሚባለው ነው፣ ምግቡ ግን በአብዛኛው ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ነው። እዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው፤ ግልገል ሆነው ከጀልባህ ሊረዝሙ ይችላሉ። እነርሱን ለመለየት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም። ነጠብጣባቸው ግን ከግለሰብ ግለሰብ ስለሚለያይ፣ በግራ ጎናቸው በስንጥቡ ጀርባ ያለውን ፎቶ አንሣ፤ ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዚያ ነው። አትንካቸው፣ ከፊታቸውም አትግባ።

የጣና መረብ፦

ሁሉንም ነገራችሁን። ዋናውን ግን ማንም አልጠየቀም። ከእነዚህ ውስጥ የሚበላው የትኛው ነው?

ከጅዳ ተመላሽ፦

አያ፣ ቢራቢሮውና መልአኩ ሥጋ የላቸውም፣ ለዓይን ናቸው። አሳዳጁ ሥጋው አንዳንዴ ከኮራል ምግብ ሰንሰለት የተጠራቀመ መርዝ ይይዛል፤ ቢያበስሉትም አይለቅም። ናፖሊዮን ቁጥሩ ስለተመናመነ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ውሳኔ ወዲህ በስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ጅዳ ገበያ ላይ ጌታው ናጂል የሚሉት ቀይ ዓሣ ነው፤ ዋጋውን ብነግርዎ መረብዎን ጠቅልለው ወደዚያ ይነሣሉ።

የጣና መረብ፦

መረቡስ ቢጠቀለል ይሻላል። ነጩ ዓሣ በክረምት እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ የወንዙን አፍ በመረብ እየዘጉ ጨረሱት። እኔ ልጅ ሆኜ ግልገል ዓባይ አፍ ላይ የማየውን ዓሣ ዛሬ አላየውም። ስሙን የምታውቁት እናንተ ልጆች ቶሎ ቶሎ ጻፉት።

ሰላም ጊዮን፦

አያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ የት ነው የሚወርዱት? የ15ቱን ሥዕል ይዤ ልምጣና እርስዎ በየትኛው ስም እንደሚጠሯቸው ይንገሩኝ።

የጣና መረብ፦

ከፀሐይ በፊት ነይ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዓሣ ቤቶቹ ወስደውት ታገኚዋለሽ።